ሁለተኛው ጥያቄ

ጠዋት በወይራምባ ደሴት በጥያቄ ይጀምራል። ጎህ ቀዶ ወፎቹ እምቦጩ ላይ መንጫጫት ሲጀምሩ፣ ከየቤቱ በር በላይ የተሰካው ጠያቂ የተባለ ማሽን ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ ጉሮሮውን ጠረግ ያደርግና የቤቱን ሰዎች በየስማቸው ይጠራል። ማስተዋልን በዚያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኛት የአጃ ሾርባ ስታማስል ነው።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ማስተዋል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደህና ነዎት?»

«ይመስገን፤ ደህና ነኝ።»

ከጠያቂው ጎን ያለችው ትንሽ መብራት አረንጓዴ ትሆናለች። ቀጥሎ የባሏ ተራ ነው።

«ዶክተር ሙሉአዳም፣ እንደምን አደሩ?»

«ይመስገን!» ይላል እሱ ከመታጠቢያ ቤት፣ አገጩ ላይ የመላጫ አረፋ እንደተቀባ። የእሱም መብራት አረንጓዴ ትሆናለች።

ከዚያ ሙሉአዳም ወደ ሳሎን ወጥቶ በመስኮቱ አጠገብ ባለው መስታወት ፊት ይቆማል። ጀርባውን ለማስተዋል ሰጥቶ ክራቫቱን ያስራል። ቶሎ አያስርም። ጨርቁን አዙሮ፣ ፈትቶ፣ እንደገና አዙሮ፣ ነገሩ እንዳልገባው ሰው ቋጠሮውን ያይና፣

«ቆይ፣ ደግሜ ልጠይቅሽ» ይላል። «እንዴት አደርሽ?»

«ጉልበቴ አላስተኛኝም።»

«አውቄያለሁ፤ ስትገላበጪ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስጠይቅሃል?»

«ካፍሽ እንዲወጣ ነዋ።»

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ጠዋቱ እንዲህ ነበር። ጠያቂው ኋላ የመጣ ነው።

ሙሉአዳም የጤና ሚኒስትር ከመሆኑ በፊት የደሴቱ ብቸኛ ሐኪም ነበር። ጣና በእምቦጭ ከተዘጋ ወዲህ የተወለዱት ልጆች «ሐይቅ» ሲባሉ የሚታያቸው ሐምራዊ አበባ ያለው አረንጓዴ ሜዳ ነው። ወይራምባን ከየብስ ጋር የሚያገናኘው፣ እምቦጭ አጫጁ መርከብ እያጨደ የሚከፍተው አንድ ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ሆኖ ቀረ። አጫጁ ለጥቂት ቀናት ሥራ ካቆመ መተላለፊያው እንደ ቁስል ይገጥማል። በዚህ የተነሳ ደሴቱ ራሱን እንዲያስተዳድር ተፈቀደለት፤ ፕሬዚዳንትና ሚኒስትሮችም ኖሩት። ሽማግሌዎቹ «ጀልባ ብንለምን ሚኒስትር ሰጡን» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በክሊኒኩ ዘመን ሙሉአዳም አንድ ነገር ተምሯል። የወይራምባ ሰው እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ ቢመጣም «እንደምን ዋልህ?» ሲሉት መልሱ «ይመስገን፤ እርስዎ እንደምን ነዎት? ልጆች ደህና ናቸው?» ነው። ሙሉአዳም ይህን አይታገልም። ስለ ልጆቹ ይመልሳል፤ ስለ ላሟ፣ ስለ ጌሾው ይጠይቃል። ከዚያ ዞሮ እጁን ይታጠባል። ጀርባው እንደዞረ፣ ውኃው እየወረደ፣ «ቆይ፣ ደግሜ ልጠይቅ» ይላል። ያኔ በሽታው ይወጣል። ሰው ፊት ለፊት የማይለውን ለጀርባ ይላል። «ዶክተር ደግሜ» ብለው የሰየሙት ለዚህ ነው፤ ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙት «ደግሜ! ደግሜ!» እያሉ ይሮጣሉ፤ እሱም ቆሞ ይስቃል።

በጤና ሚኒስትሩ ምርጫ ጊዜ ፎቶግራፉ ሥር የጻፈው «ደግሞ የሚጠይቅ» የሚል ብቻ ነበር። ተቃዋሚው በየመንደሩ እየዞረ ስለ ሆስፒታል ግንባታ ረጅም ንግግር አደረገ። ሰው አጨበጨበለትና ሄዶ ሙሉአዳምን መረጠ።

ጠያቂው የመጣው በሹመቱ መጀመሪያ ላይ ነው። ለደሴቱ በሙሉ አንድ ሐኪም አይበቃም፤ እሱም ሚኒስትር ሆኖ ክሊኒኩን ለቋል። ጠያቂው በየጠዋቱ ሰውን ሁሉ ይጠይቃል፤ አመመኝ ላለ ሰው መብራቷ ቢጫ ትሆንና ወደ የብስ ሆስፒታል በሚሄደው ጀልባ ላይ ቦታ ይያዝለታል። ሙሉአዳም ለዚህ ሕግ አንድ አንቀጽ ጨመረ። በወጣትነቱ በየብስ ሲማር፣ ከስክሪን ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ «ምንም የለብዎትም» ብለው ሰው የሚሸኙ ሐኪሞች አይቷል፤ አንጀቱ ያረረው በዚያ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ የሰው አካል ያለ ፈቃዱ አይመረመርም፤ ስለ ጤናው የራሱ ቃል ይታመናል፤ ስለ እሱ ሌላ ሰው ሊናገር አይችልም። አንቀጹ ሲነበብ ምክር ቤቱ ቆሞ አጨበጨበ። ማስተዋል ከእንግዶች ወንበር ሆና አጨበጨበች። ያን ቀን በባሏ ኮርታለች።

በዓመቱ ወይራምባ ከአገሪቱ ሁሉ ጤነኛው ቦታ ሆነ። መብራቱ ከቤት ቤት አረንጓዴ ነው። የየብስ ባለሥልጣናት በጀልባ መጥተው ለሙሉአዳም ሜዳሊያ አጠለቁለት፤ የደሴቱ ባንድ ተሰለፈ፤ ፕሬዚዳንቱ አቶ ደምመላሽ ሚኒስትሩን አቅፎ ሳመ። እንግዶቹ ምሳ በልተው ሲሄዱ፣ ጤነኛ ሰው ጀልባ አያስፈልገውምና የበሽተኞቹን ቦታ በግማሽ ቀነሱት።

ሙሉአዳም ነገሩ የገባው በለቅሶ ቤት ነው። የጀልባው ነጂ የአያል ሚስት ብዙአየሁ ሞተች። ድንኳን ውስጥ ሙሉአዳም አጠገቡ ሲቀመጥ አያል እንዲህ አለው፦

«ጡቷ ላይ እብጠት እንደነበረ አውቅ ነበር፣ ዶክተር። ከልክላኝ ነበር፤ በኋላ ግን አልቻልኩም፣ ለጠያቂው ነገርኩት። ‹ስለ ሌላ ሰው የሚሰጥ ቃል አልቀበልም› አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ፤ ይቅርታም ጠይቆኛል።»

«እሷስ?»

«እሷማ በየጠዋቱ ‹ይመስገን› ነበር የምትለው። በሞተችበት ጠዋትም።» አያል መዳፎቹን አገላብጦ አየ። «የሰውን ሁሉ ሚስት ሳሻግር የእሷ ቦታ ሳይያዝ ቀረ።»

ሙሉአዳም ያን ቀን ቤት ሲገባ ሜዳሊያውን ከግድግዳው አውርዶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ማስተዋል ግድግዳው ላይ የቀረውን ምስማር ግን አልነቀለችውም፤ አሁንም አለ።

በሚኒስትሮቹ ስብሰባ ላይ የሆነውን ራሱ እራት ላይ አወራላት፤ የእያንዳንዱን ድምፅ እያስመሰለ።

«ክቡር ሚኒስትር» አለ ደምመላሽ፣ «ጤነኞች ናችሁ ተብለን ተሸለምን። አሁን ሄደን ‹የለም፣ በሽተኞች ነን› እንበል?»

«የምለው ‹ሕዝባችን ጨዋ ነው› ነው። ጤነኛ አላልኩም።»

«ታዲያ ማሽኑም ደግሞ ይጠይቃ! የእርስዎ ሙያ አይደለም እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። ሙሉአዳም ግን ይህን ሞክሮታል። መሐንዲሶቹን ለምኖ ጠያቂው ሁለት ጊዜ እንዲጠይቅ አስደርጓል። ሰው ሁለት ጊዜ «ይመስገን» አለ። ሦስት ጊዜ አስጠየቀ፤ ሦስት ጊዜ «ይመስገን» አሉ፤ አንዳንዱም «ምን ነካው ይሄ፣ ደህና ነኝ አልኩ እኮ» ብሎ ተቆጣ። ማሽኑ ጀርባ የለውም። የሚታጠበው እጅ የለውም።

በዚያው ሰሞን ከየብስ መልእክት መጣ። እምቦጭ ሌሎች ቦታዎችንም እየዘጋ ነው፤ አጫጁ መርከብ አንድ ነው። በመጪው ሰኞ ጠዋት በወይራምባ በቂ ሕመምተኛ ከታየ አጫጁ ይቆያል። ካልታየ በሽተኛ ወደ በዛበት ይሄዳል። ደምመላሽ ሙሉአዳምን ለብቻው ጠርቶ፣ «እንግዲህ ሕዝቡ የሚሰማው አንተን ነው። ሄደህ ንገራቸው። ቢያምኑህ ጥሩ፤ ባያምኑህም ሜዳሊያው ይቀርልናል» አለው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሕዝቡ ወደቡ ላይ ተሰበሰበ። ማስተዋል ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበር። ሙሉአዳም የተገለበጠ ጀልባ ላይ ወጣና ነገሩን ሳያወሳስብ ነገራቸው፦ ነገ ጠያቂው ሲጠይቅ ያመማችሁን ተናገሩ። አለዚያ መተላለፊያው ይዘጋል፤ ከተዘጋ ማንም ወደ ሆስፒታል አይሄድም።

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ የዝና ነበሩ፤ የልምድ አዋላጅ ነበሩ፣ ሙሉአዳምን ራሱን ያዋለዱ።

«አንተ ሙሉአዳም፣ በማለዳ አፍሽን በሕመም ክፈቺ ነው የምትለኝ?»

«አዎ እትዬ። ለአንድ ቀን ብቻ።»

«ጠዋት ያሉት ቀኑን ሙሉ ይውላል። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ነው ያደግሁት።»

«ወገብዎን ያምዎታል አይደለም እንዴ?»

«ማነው የነገረህ?»

«እርስዎ ነዎታ! ባለፈው ቤት መጥቼ።»

«ላንተ ነው የነገርኩት። ለግድግዳ አልነገርኩም!»

ሕዝቡ ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ «ግድግዳው ሐሜተኛ ነው እትዬ፣ የብስ ድረስ ያወራል!» ብሎ ጮኸ። ሌላው፣ «ደግሜ፣ አንተ ራስህ እየዞርክ ጠይቀንና አንተ ንገርልን!» አለ።

«አልችልም» አለ ሙሉአዳም። «ስለ ሌላ ሰው መናገር በሕግ ተከልክሏል።»

«ማነው የከለከለው?»

«እኔ ነኝ» አለ።

ይህንንም ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። መሐረቡን አውጥቶ አፉ ላይ ያዘ፤ ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲል መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። አጣጠፉ ፈጠን ያለ ነበር። ከሕዝቡ ውስጥ ይህን ያየች ማስተዋል ብቻ ናት።

«እሺ፣ ነገ እውነቱን የሚናገር እጁን ያውጣ!» አለ።

ሁሉም እጁን አወጣ። እትዬ የዝናም ከዘራቸውን አነሱ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ማስተዋል፣ «ሳልህ በረታ» አለችው።

«የእምቦጩ ሽታ ነው።»

በወይራምባ ማንኛውም ሳል የእምቦጩ ሽታ ነው። እሷም ተቀበለችው።

ሰኞ ጠዋት ሾርባውን አልጣደችም። ሁለቱም ለብሰው ሳሎን ውስጥ ጠበቁ፤ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው። ጠያቂው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ማስተዋል?»

«ይመስ...» አለችና ከንፈሯን ነከሰች። ሌሊቱን ስትለማመደው ያደረችው ቃል አሳፈራት፤ ባዳ ፊት መቀነቷን ፍቺ የተባለች መሰላት። «ጉልበቴን... ጉልበቴን ያመኛል።»

መብራቱ ቢጫ ሆነ። እንደዚያ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«ዶክተር ሙሉአዳም፣ እንደምን አደሩ?»

ሙሉአዳም ማስተዋልን አያት።

«ያስለዋል» አለች እሷ ወደ ጠያቂው ቀና ብላ። «ደረቱን ያመዋል። መሐረቡን አይቼዋለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይዘሮ ማስተዋል። ስለ ሌላ ሰው የሚሰጥ ቃል አልቀበልም። ዶክተር ሙሉአዳም፣ እንደምን አደሩ?»

አሁንም እሷን አያት። ማስተዋል እሷ ፊቱ ቆማ ስለሆነ መናገር እንዳቃተው ገባት። ነጠላዋን አንስታ ወደ ግቢው ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

ደጁ ላይ እንደቆመች ከመንደሩ መስኮቶች ሁሉ ድምፅ ሰማች። ከእትዬ የዝና ቤት «ይመስገን»። ከጎረቤት «ይመስገን፤ ደህና ነኝ»። ከታች ከአያል ቤት «ይመስገን»። ከላይ፣ ከታች፣ ከወደቡ በኩል፤ ወፍራም ድምፅ፣ ቀጭን ድምፅ፣ የልጅ ድምፅ፤ በቅዳሴ ላይ ሕዝብ እንደሚመልሰው ተሰጥኦ አንዱ ሲያበቃ ሌላው እየተቀበለ። ትናንት እጃቸውን ያወጡት ሰዎች ናቸው። ማንም ሊዋሽ አላሰበም። የተጠየቁት እንደምን አደራችሁ ተብለው ነው፤ የመለሱትም ለዚያ ነው።

በዚያ መሀል ከገዛ ቤቷ የባሏን ድምፅ ሰማች።

«ይመስገን» አለ ሙሉአዳም። «ደህና ነኝ።»

ስትገባ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያየ ነበር።

«ለምን?» አለችው።

«አፌ ቀደመኝ።»

«ዋሸህ።»

«አልዋሸሁም፣ ማስቴ። ሰላምታ ነው የመለስኩት።»

በማግስቱ ደምመላሽ በሬዲዮ ሕዝቡ ስለ ጤንነቱ ራሱ መመስከሩን ገለጸ፤ እንኳን ደስ አላችሁም አለ። በዚያው ሳምንት አጫጁ መርከብ እየጮኸ ከወደቡ ወጣ። ሕዝቡ ዳር ቆሞ እጁን እያወዛወዘ ሸኘው፤ የሚሄድ እንግዳ ይሸኛልና። እምቦጩ ከኋላው ገጠመ።

ሙሉአዳም ከሥልጣኑ ለቀቀ። ማንም አላስገደደውም። በሽኝቱ ላይ ጋቢ አለበሱት፤ ደምመላሽ ስለ አገልግሎቱ ንግግር አደረገ፤ ንግግሩ ጥሩ ነበር። ሙሉአዳም ሲመለስ ጋቢውን ለብሶ ነው የመጣው፤ ውጭው ሞቃት ቢሆንም አላወለቀውም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ማስተዋል የምሳውን ዕቃ እያጠበች ነበር፤ እሱ ከኋላዋ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል። ሰውን ሁሉ እንዲያ ሲጠይቅ፣ እሱን ደግሞ የሚጠይቀው ሰው ኖሮ እንደማያውቅ በዚያች ቅጽበት ትዝ አላት። ሐኪም ነዋ። አልዞረችም። የታጠበውን ሣህን አንስታ እንደገና ውኃ ውስጥ ከተተችው፤ ቧንቧውን ትንሽ ከፈተች።

«ቆይ፣ ደግሜ ልጠይቅህ» አለች። «እንዴት ነህ?»

ውኃው ወረደ። ሣህኑን በአንድ በኩል አጠበች፤ በሌላውም።

«ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው» አለ ሙሉአዳም። «በግራ በኩል። በማዳመጫዬ ራሴን ሰምቼዋለሁ፤ ታች ድረስ አየር አይገባም። ደም ያመጣው ከአያል ሚስት ለቅሶ በኋላ ነው። ቀዶ ጥገና ቢደረግልኝ ያኔ ይወጣ ነበር ብዬ እገምታለሁ። አሁን አላውቅም። ስተኛ እፈራለሁ። ላንቺ መንገር ነበረብኝ፤ ፊት ለፊት እያየሽኝ አልወጣ አለኝ።»

ቧንቧውን የዘጋችው ሲጨርስ ነው። ከዚያ ዞረች። እሱ ፈገግ ብሎ እያያት ነበር።

«ሙያዬን ሰረቅሽኝ» አለ።

«ብዙ ዘመን ስታስተምረኝ ኖረህ።»

በማግስቱ ጠዋት ጠያቂው ሲጠይቀው ሙሉአዳም «አሞኛል» አለ። መብራቱ ቢጫ ሆነ፤ ጠያቂው እግዚአብሔር ይማርዎት ብሎ በጀልባው ላይ ቦታ ያዘለት። ጀልባው ወደቡ ላይ ታስሮ ነበር፤ የሚሄድበት ውኃ ግን የለም።

አያል የአባቱን የደንገል ታንኳ ከመጋዘን አውጥቶ መጣ። «ጀልባ የማያልፈውን ታንኳ ሊያልፈው ይችላል፤ እንሞክር» አለ። ሙሉአዳምን በጋቢው ጠቅልለው አስቀመጡት። ማስተዋል ወደቡ ላይ ቆማ አየች። አያል ረጅሙን እንጨት እየተከለ፣ እየነቀለ፣ እምቦጩን እየገፋ ሄደ፤ የሰው ድምፅ ከሚሰማበት ሳይርቁ ታንኳዋ በሥሩ ተያዘች። አያል ወደ ውኃው ወርዶ በማጭድ መቁረጥ ጀመረ፤ በደረቱ እየገፋ ይቆርጣል፤ የቆረጠው ከኋላው ተመልሶ ይገጥማል። የሙሉአዳምን ድምፅ ሰማች።

«ይበቃል፣ አያል። ይበቃል ወንድሜ። መልሰኝ፤ ማስተዋል ፀሐይ ላይ ቆማለች።»

በጳጉሜን ሞተ፤ እምቦጩ በሙሉ በአበባ ላይ ሳለ። ደሴቱ ሁሉ ቀበረው። እትዬ የዝና አልጋው ሥር ተቀምጠው፣ «ላንተ ነግሬህ ነበር፤ እንግዲህ ለማን ልንገር?» እያሉ አለቀሱ። ለቅሶ ደራሹ እየገባ እግዚአብሔር ያጽናሽ አላት፤ እንደምን ነሽ አላት። ማስተዋል ለሁሉም «ይመስገን» አለች።

ስለ ሰው ሌላ ሰው ሊናገር አይችልምና፣ መሞቱን ለጠያቂው ማስመዝገብ አልተቻለም። አንቀጹን የሚያሻሽል አዲስ ሚኒስትር እስኪሾም ይጠብቁ ተባለች። ስለዚህ በየጠዋቱ ሁለቱንም ይጠራል።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ማስተዋል?»

«ይመስገን።»

«ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ።»

መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል።

«ዶክተር ሙሉአዳም፣ እንደምን አደሩ?» ይላል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ የመጨረሻ ቃሉ «አሞኛል» ነበርና «እግዚአብሔር ይማርዎት» ብሎ ዝም ይላል።

ማስተዋል ሾርባውን ከምድጃው ታወርዳለች። በመስኮቱ አጠገብ ያለው መስታወት ቦታው ላይ ነው፤ ክራቫቶቹም ተሰቅለዋል። ማንኪያውን ይዛ ትንሽ ትቆያለች። ጉልበቷ ሌሊቱን አላስተኛትም።

ደግሞ የሚጠይቃት የለም።